ከተጻፈው ግቢ እስካልተጻፈው አምባ

በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ያለችውን የባዝን ከተማ ስም ያልሰማ የስድስት ኪሎ ተማሪ ይኖራል ብዬ አላስብም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ዘመን በስደት የተቀመጡት እዚያ ነው። «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የተባለው መጽሐፋቸው የመጀመሪያው ክፍል የተጻፈውም እዚያው ነው። ከዚህ አልፎ ግን ስለ ከተማዋም ሆነ በዙሪያዋ ስላሉት ኮረብታዎች የምናውቀው ብዙ አይደለም። በእንግሊዝ አገር የምንኖር የማኅበራችን አባላት ጥቂት ሆነን እነዚያን ኮረብታዎች በአንድ የበጋ ቀን በእግር ዞርናቸው። ከመካከላችን መሐንዲስ ነበረ፣ የእርሻ ባለሙያ ነበረች፣ ነርስ ነበረች፣ እኔን የመሰለ የታሪክ ተማሪም ነበረ። ስም አልጠራም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ።

በአንድ ቀን ሦስት ዓይነት ቦታ አየን። አንደኛው ባለቤቱ ሁሉን ነገር ያስጻፈበት የመኳንንት ግቢ ነው። ሁለተኛው ማንም አንዲት ቃል ያልጻፈበት ከ2000 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የኮረብታ ምሽግ ነው። ሦስተኛው የእኛው ንጉሠ ነገሥት የኖሩበት ቤት ነው። እኛ ታሪክ ስንማር በጽሑፍ ጀምረን በጽሑፍ ነበር የምንጨርሰው፤ ዜና መዋዕል፣ ገድል፣ ደብዳቤ፣ ውል። ይህ መጥፎ ነገር አይደለም፤ ጽሑፍ ያለው አገር የታደለ ነው። ዳሩ ግን ያልጻፈ ሰው ታሪክ የለውም ማለት አይደለም። መሬቱ ላይ ጥሎት የሄደ ነገር አለ። ያንን የሚያነብና የሚጠብቅ ሲጠፋ ግን ታሪኩ ከካቡ ጋር አብሮ ይፈርሳል። እዚህ የማወራው ስለዚህ ነው። ዓመቶቹን «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ያዙልኝ።

የድንጋዩ ጌታ

ጉዞውን የጀመርነው ከከተማዋ በስተደቡብ ካለው ፕራየር ፓርክ ነው። ኮረብታው ላይ ትልልቅ ዓምዶች ያሉት ግዙፍ ቤት ተቀምጧል። ከፊቱ መሬቱ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ወደ ታች ይወርዳል፤ ከሥሩ ኩሬዎች አሉ። በኩሬዎቹ ላይ ደግሞ በ1755 የተሠራ፣ ዓምድና ጣሪያ ያለው የድንጋይ ድልድይ ተዘርግቷል። ፓላዲያን በሚባለው በዚህ ስልት ከተሠሩት ድልድዮች በዓለም ላይ የቀሩት አራት ብቻ ናቸው፤ ሦስቱ እንግሊዝ ውስጥ፣ አንዱ ሩሲያ ውስጥ ከሴንት ፒተርስበርግ ወጣ ብሎ።

የግቢው ጌታ ራልፍ አለን ይባል ነበር። በ1693 የተወለደ፣ ከኮርንዎል አውራጃ የመጣ፣ የትልቅ ሰው ልጅ ያልሆነ ሰው ነው። ገና 19 ዓመት ሲሆነው የባዝ ፖስታ ቤት ኃላፊ ሆነ። በዚያ ዘመን አብዛኛው ደብዳቤ ከከተማ ወደ ከተማ ለመድረስ መጀመሪያ ለንደን መግባት ነበረበት። ከጎንደር ወደ ደብረ ታቦር የተላከ ደብዳቤ አዲስ አበባ ደርሶ ይመለስ እንደ ማለት ነው። አለን ከ1720 ጀምሮ ከመንግሥት ጋር ውል ተዋውሎ፣ ለንደንን ሳይነኩ ከተማን ከከተማ የሚያገናኙ የፖስታ መስመሮችን አደራጀ። በየመንገዱ የሚጠፋውንም ገንዘብ ተቆጣጠረ። ከዚያም ሀብታም ሆነ።

በዚያ ሀብት ኩም ዳውን የተባለውን ስፍራ የድንጋይ ካባዎች ገዛ። የባዝ ድንጋይ የማር ቀለም ያለው የኖራ ድንጋይ ነው፤ በመጋዝ ይቆረጣል። አለን በ1731 ገደማ ከካባው እስከ ኤቨን ወንዝ ድረስ የእንጨት ሐዲድ አዘረጋ። ድንጋይ የተሸከመው ጋሪ በራሱ ክብደት ቁልቁል ይወርዳል፤ አንድ ሰው ፍሬኑን ይዞ ያበርደዋል። ባዶውን ጋሪ ሽቅብ የሚመልሱት ፈረሶች ናቸው። የዚያ ሐዲድ መስመር ዛሬ የአስፋልት መንገድ ሆኖ በስሙ ይጠራል፤ ራልፍ አለን ድራይቭ።

የለንደን ሰዎች ግን ድንጋዩን ናቁበት፤ «ለትልቅ ሕንፃ አይሆንም» አሉት። አለን ክርክር ውስጥ አልገባም። ጆን ዉድ የተባለውን የባዝ መሐንዲስ ጠርቶ፣ ከ1730ዎቹ ጀምሮ ያንን ግዙፍ ቤት በገዛ ድንጋዩ አሠራ። ኮረብታ ላይ ያስቀመጠውም ከከተማው ሁሉ እንዲታይ ነው። ዛሬ ቢሆን ማስታወቂያ እንለው ነበር። ማስታወቂያውም ሠርቷል፤ ባዝ የተሠራችው በዚያ ድንጋይ ነው። ከተማዋ በ1987 በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ ያ የማር ቀለም ከመለያዎቿ አንዱ ነበር።

ስለ አለን የምናውቀው ብዙ የሆነው የሚጽፉ ሰዎች ገበታው ላይ ስለነበሩ ነው። ባለቅኔው አሌክሳንደር ፖፕ ስለ አትክልት ቦታው ምክር ይሰጠው ነበር። ደራሲው ሄንሪ ፊልዲንግ በ1749 ባሳተመው «ቶም ጆንስ» ልብ ወለድ ውስጥ ያለውን ደግ ባላባት የቀረጸው እሱን እያየ ነው ይባላል። ደግነቱም ወሬ ብቻ አልነበረም፤ ለሆስፒታል ድንጋይ ሰጥቷል፤ ለድንጋይ ሠራተኞቹም ቤት አሠርቷል።

ታዲያ ድንጋዩን የቆረጡትስ? እነሱን የጻፈ የለም ማለት ይቻላል። የእነሱ መዝገብ ከመሬት በታች ነው። ኩም ዳውን መንደር ሥር ለዘመናት ድንጋይ ሲወጣ ከቆየ በኋላ መሬቱ ባዶ ሆኖ ቀረ። ጣሪያውን የተሸከሙት የድንጋይ ምሰሶዎች እየሳሱ ሄደው መንደሩ ሊሰምጥ ሆነ። በዚህ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ዋሻው በአረፋ ኮንክሪት ተሞልቶ መንደሩ ዳነ። ለሌሊት ወፎቹ ብቻ መተላለፊያ ተተወላቸው። መሐንዲሱ ጓደኛችን ይህን ሲሰማ፦ «አያችሁ፣ የጌታው ቤት ከላይ ተጠበቀ፤ የሠራተኛው ሥራ ከታች ተደፈነ» አለ። መደፈኑ ግድ ነበር፤ ከላይ ሰው ይኖራል። አባባሉ ግን እስከ ማታ አብሮን ዋለ።

አለን በ1764 ሞተ። ግቢው ከእጅ ወደ እጅ አለፈ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አንድ የካቶሊክ ጳጳስ ገዝተውት የትምህርት ቦታ አደረጉት። ሁለት ጊዜ በ1836 እና በ1991 እሳት በልቶት ሁለቱንም ጊዜ ታድሷል። ቤቱ ዛሬም ትምህርት ቤት ነው። የአትክልት ቦታውን በ1993 ናሽናል ትረስት የተባለው የቅርስ ጠባቂ ማኅበር ተረክቦ ለሕዝብ ከፍቶታል።

የውሸት ግንብ

ከፕራየር ፓርክ በስተሰሜን ምሥራቅ ያለው መንገድ በዛፎች መካከልና በሜዳ ጠርዝ ይሄዳል። ከተማዋ ግራ እጃችሁ ላይ ከታች ትታያለች። በ1966 የተቋቋመው የባዝ ዩኒቨርሲቲም እዚያው ኮረብታ ላይ ነው። ተማሪዎቹ መጽሐፋቸውን ይዘው ሲያልፉ ስናይ ሁላችንም ዝም አልን፤ ምክንያቱን ለእናንተ ማስረዳት አያሻም።

ትንሽ ራቅ ብሎ ሻም ካስል አለ፤ ትርጉሙ «የውሸት ግንብ» ማለት ነው። ከሩቅ ስታዩት የፋሲልን ቤተ ሰብ የሚያስታውስ ነገር ነው፤ በር አለው፣ ሁለት ክብ ማማዎች አሉት፣ አናቱ እንደ ጥርስ የተቆራረጠ ነው። ዞር ብላችሁ ከኋላው ስትመጡ ግን ምንም የለም። አንድ ግድግዳ ብቻ ነው። ራልፍ አለን በ1762 ያሠራው ከከተማ ቤቱ ሆኖ ወደ ኮረብታው ሲመለከት ዓይኑ የሚያርፍበት ነገር ፈልጎ ነው። ነርሷ እህታችን ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት፦ «ጋሼ፣ ለእይታ ብቻ ነው እንዴ ይህን ሁሉ ድንጋይ ያስቆለለው?» ብላ ጠየቀች። አዎን፣ ለእይታ ብቻ ነው። በዚያ ዘመን ጥንታዊ ፍርስራሽ የሌለው ባለጸጋ ፍርስራሽ ያሠራ ነበር።

የሚያስገርመው ግን የእውነቱ ጥንታዊ ቅጥር ከዚያ ብዙም ሳይርቅ መኖሩ ነው። ባዝሃምፕተን ዳውን የተባለው ሰፊ አምባ ላይ የብረት ዘመን ቅጥር አለ፤ ከ30 ሄክታር በላይ የሚከብብ። ሊቃውንቱ ምሽግ ነው ወይስ የከብት በረት ነው እያሉ ይከራከሩበታል። ከፊሉ ዛሬ የጎልፍ መጫወቻ ሜዳ ሆኗል። አብዛኛው ሰው ቅጥሩን ረግጦት ያልፋል። የውሸቱ ግንብ ግን ማታ ማታ መብራት ይበራለታል።

አምባው ላይ

ከባዝሃምፕተን ዳውን ቁልቁል ወርደን ኤቨን ወንዝን ተሻገርን። ከወንዙ ማዶ ባለችው ባዝኢስተን በኩል ሌላውን ኮረብታ ሽቅብ ተያያዝነው። ሶልስበሪ ሂል ይባላል። ከፍታው 191 ሜትር ነው። ከደጋ ለመጣ ሰው ኮረብታ ለማለት እንኳ የሚያሳፍር ቁጥር ነው፤ ጉልበቱ ግን ቁጥር አይጠይቅም። አናቱ ጠፍጣፋ ነው፤ የእኛን አምባ ይመስላል። ስሙን ፒተር ጋብሪኤል የተባለው ዘፋኝ በ1977 ባወጣው ዘፈን በዓለም ዙሪያ አሰምቶታል።

አናቱ ላይ ደርሰን ቆምን። ሣር ነው። ዳር ዳሩን ደግሞ ሣር የለበሰ ጉብታ ይዞረዋል። «ታዲያ ይቺ ናት ምሽግ?» አለች የእርሻ ባለሙያዋ። ያየነው ነገር ከፕራየር ፓርክ በኋላ በእርግጥ ለዓይን አይሞላም። በ1950ዎቹ የተደረገው ቁፋሮ ግን ከዚያ ጉብታ ሥር ያለውን አሳይቷል። የአምባውን ጠርዝ ተከትሎ አንድ ቅጥር ተሠርቷል። ውጪውም ውስጡም ጭቃ በሌለው የድንጋይ ካብ የተካበ፣ መሐሉ በድንጋይ ስብርባሪ የተሞላ ነው። ስፋቱ 6 ሜትር ያህል፣ የውጪ ፊቱ ቁመት ወደ 4 ሜትር ነበር። ከውስጥ ሰዎች የእንጨት ማገር አቁመው፣ ጭቃ መርገው፣ ጎጆ ሠርተው ይኖሩ ነበር። ዘመኑ በግምት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ300 እስከ 100 ዓመት ድረስ ነው።

መሐንዲሱ ጉብታው ላይ ተቀምጦ ሒሳብ ጀመረ። «ይህ ካብ የአንድ ጌታ ሥራ አይደለም» አለ። «ይህን ያህል ድንጋይ ለቅሞ፣ ተሸክሞ፣ ጎን ለጎን አስተካክሎ ለመካብ መንደሩ በሙሉ ወጥቶ መሥራት አለበት። ምግብ የሚያዘጋጅ፣ ውሃ የሚያመጣ፣ ከብት የሚጠብቅ አብሮ ተመድቦ።» ደቦ ማለቱ ነው። ያዘዘ አለቃ ኖሮ ይሆናል፤ ስሙን ግን መሬቱ አልያዘውም። የያዘው የደቦውን ሥራ ነው።

የእርሻ ባለሙያዋ በበኩሏ ውሃው የት እንደነበር ጠየቀች። እውነቷን ነው፤ ከአናቱ ላይ ወንዙም ምንጩም ታች ነው። እዚያ ላይ መኖር ማለት በየቀኑ ውሃ መሸከም ማለት ነው። ማን ይሸከም እንደነበር ደግሞ የገጠር ልጅ የሆነ ሁሉ ይገምታል። ነርሷ «እንስራ ያልተጻፈበት የጦር ታሪክ ግማሹ ጎዶሎ ነው» ስትል ሁላችንም እናቶቻችንን አሰብን።

የአምባው መጨረሻ ጥሩ አልሆነም። ከጎጆዎቹ አንዳንዶቹ ተቃጥለዋል፤ ቅጥሩም ተንዷል። ከዚያ ወዲህ ማንም ተመልሶ ምሽጉን አላቆመውም። ይህ የሆነው ሮማውያን በ43 ዓመተ ምሕረት ወደ ብሪታንያ ከመግባታቸው ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ነው፤ ስለዚህ አጥፊዎቹ ሮማውያን አይደሉም። ጎረቤት ይሁን፣ ወንድም ይሁን፣ አመዱ አይናገርም።

እዚህ ላይ መቅደላን አሰብኩ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከወደቁ በኋላ የእንግሊዝ ጦር አምባውን አቃጥሎ ነው የሄደው። እዚያም ቢቆፈር አመድ ይገኛል። ልዩነቱ ስለ መቅደላ የተጻፈ ነገር መኖሩ ነው፤ ማን እንዳቃጠለ፣ በስንት ቀን፣ ምን ተዘርፎ ወዴት እንደሄደ ይታወቃል። ዛሬ ቅርሱን «መልሱልን» ማለት የምንችለው በዚያ መዝገብ ነው። የሶልስበሪ ሰዎች ግን ከሳሽም ምስክርም የላቸውም።

ሌላም ነገር አሰብን፤ ኮንሶን። እውነተኛው የሶልስበሪ አቻ በአገራችን ያለው እዚያ ነው። የኮንሶ ከተሞች ኮረብታ ላይ ናቸው፤ ጭቃ በሌለው የድንጋይ ካብ ተከበዋል፤ አንዳንዱ ከተማ ቅጥሩ ተደራራቢ ነው። ትውልድ ሲያልፍ የሚተከል የእንጨት ምሰሶ አላቸው። ምሰሶውን ቆጥሮ የከተማውን ዕድሜ መናገር ይቻላል። በ2011 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ 21 ትውልድ፣ ከ400 ዓመት በላይ የዘለቀ ባህል ነው ተብሏል። አስቡት እንግዲህ፤ የእንግሊዝ ሊቃውንት በአካፋና በብሩሽ ከአፈር ሥር የሚፈልጉትን ነገር የኮንሶ ሽማግሌ ቆሞ በቃሉ ያስረዳል። እኛ ግን ስንቶቻችን ነን ሄደን የጠየቅነው?

ከሶልስበሪ ሰዎች ዓለም የቀረ የስም ፍንጭ የሚገኘው ከታች ከከተማው ነው። በባዝ 46 ዲግሪ የሚሞቅ ምንጭ አለ፤ በቀን ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ ይፈልቃል። የአገሬው ሰው በዚያ ውሃ ላይ ሱሊስ የምትባል አምላክ ያመልክ ነበር። ሮማውያን ሲመጡ ስሟን አላጠፉም፤ ከራሳቸው ሚነርቫ ጋር አጣምረው ሱሊስ ሚነርቫ አሏት። መታጠቢያና ቤተ መቅደስም ሠሩላት። ሰው የበደለውን በስስ የእርሳስ ቁራጭ ላይ እየጻፈ ውሃው ውስጥ ይጥል ነበር። ወደ 130 ያህሉ ተገኝተዋል። አብዛኛው ልብሴን ተሰረቅሁ፣ ሌባዬን አጋልጪልኝ የሚል ስሞታ ነው። የንጉሥ ድንጋይ ሳይሆን የተራ ሰው ጽሑፍ በመሆኑ ዛሬ ዋጋው ብዙ ነው።

ኮረብታውን ናሽናል ትረስት በ1930 ተረክቦታል። ይህ ማለት ግን ዙሪያው አልተነካም ማለት አይደለም። በ1994 ከኮረብታው ሥር አዲስ አውራ ጎዳና ሲሠራ ብዙ ሰው ሰፍሮ ተቃውሟል። መንገዱ ግን ተሠርቷል፤ ከአናቱ ላይ የመኪናው ድምፅ ይሰማል። ቢሆንም ካቡን የነካው የለም። ሕግና ጠባቂ ማለት ይኸው ነው፤ ሁሉን አያድንም፣ የሚያድነው ግን አለ።

ፌርፊልድ

ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ ወደ ከተማዋ ምዕራብ ዳር ሄድን። ፌርፊልድ ሃውስ ያለው እዚያ ነው። ጃንሆይ በሰኔ 1936 እንግሊዝ ገቡ፤ በዚያው ወር መጨረሻ ጄኔቫ ሄደው በመንግሥታት ማኅበር ፊት አቤቱታቸውን አሰሙ። ከዚያ በኋላ ይህን ቤት ገዝተው እስከ 1940 ተቀመጡበት። ከፕራየር ፓርክ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ የደህና ነጋዴ ቤት ያክላል። ቤተሰብ፣ መኳንንት፣ ቄስ ሁሉ እዚያው ነበሩ። ገንዘቡ አጭር፣ ክረምቱ ብርድ ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የቤቱ ጌታ እዚህ ባዝ ነበሩ። አዲስ አበባ ያለው የገዛ ቤተ መንግሥታቸው፣ ገነተ ልዑል፣ የግራዚያኒ መቀመጫ ሆኖ ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምቡን የወረወሩት በዚያ ግቢ ነው። ከዚያ በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ ያለቀው ሕዝብ ቁጥሩ እስከ ዛሬ ያከራክራል። የወራሪው ሹማምንት ስም በሙሉ ተመዝግቧል፤ የሁለቱ ጀግኖች ስም ተመዝግቧል፤ የሺዎቹ ስም ግን አልተጻፈም። የሶልስበሪው ነገር ድንጋይ ብቻ መስሎ የታየን ካለን ይህን እናስብ።

ያ ግቢ የእኛ ግቢ ነው። ገነተ ልዑል ከታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥትና እዚያው ከፈሰሰው ደም በኋላ፣ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ። ካርድ እያገላበጥን መጽሐፍ የፈለግንበት የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ያለው ያ ቤት ውስጥ ነው። የፌርፊልድም ዕጣ ተመሳሳይ ነው፤ ጃንሆይ በ1954 የባዝን የክብር ዜግነት ተቀበሉ፤ በ1958 ቤቱን ለከተማዋ አረጋውያን መገልገያ ሰጡ። ዛሬም አረጋውያን ቀን ቀን ይሰበሰቡበታል። ኢትዮጵያውያንም ራስ ተፈሪያንም ይጎበኙታል።

ስለ ጃንሆይ አገዛዝ በመካከላችን ያለው ክርክር አንድ አዳራሽ አይበቃውም፤ የተማሪው ንቅናቄ ልጆች ነንና። ይህን ክርክር እዚህ አልጀምረውም። የማነሳው ስለ ቤቶቹ ብቻ ነው። የፕራየር ፓርክ ግቢ፣ ፌርፊልድና ገነተ ልዑል ሁሉም በአንድ ሰው ስም ተሠርተው ወይም ተይዘው፣ በኋላ የብዙ ሰው ሆነዋል። የቆሙትም አገልግሎት ስላገኙ ነው። ተማሪ ወይም አዛውንት የሚገባበት ቤት ጣሪያው ሲያፈስ የሚጮኽለት አያጣም። አምባና ካብ ግን ተማሪም አዛውንትም አይገባባቸውም፤ ስለዚህ የሚጮኽላቸው ተፈልጎ ነው የሚገኝ።

ወደ እንጦጦ

ባዝ ሆነን ያየነው ነገር አገራችን ውስጥ በጣም ቅርብ ነው። ከአናት ወርዶ ፍል ውሃ ዳር ከተማ ያቆመው ሮማዊ ብቻ አይደለም። ዐፄ ምኒልክ እንጦጦ ላይ ሲከትሙ ምክንያቱ አንዱ የአምባው ጥንካሬ ነበር። ብርዱና የማገዶው እጥረት ሲያስመርር እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠሩ፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባት እንጦጦ ማርያም ግን እዚያው አለች። የጭቃና የእንጨት ቤተ መንግሥታቸውም አጠገቧ ነው። ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ብዙ ተጽፏል። ጭቃውን ስለረገጡት፣ እንጨቱን ከሩቅ ስለተሸከሙት፣ ውሃውን ስላመላለሱት ግን የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው።

በየገጠራችንም ሣርና ቁጥቋጦ የዋጠው ካብ ሞልቷል። ገበሬው ለአጥር ድንጋይ ሲቸግረው ከዚያ ያነሳል። በእሱ አይፈረድም፤ ማንም መጥቶ «ይህ የአያቶችህ ምሽግ ነው» አላለውም። መንገድ ሠሪውም ጠጠር ሲፈልግ ከዚያው ይጭናል። ሽማግሌው ሲሞት የካቡ ስም አብሮ ይቀበራል። ያኔ እኛም እንደ ሶልስበሪ አመዱን ብቻ ይዘን እንቀራለን። የሚያሳዝነው እኛ የሚጠየቅ ሰው ሳለን መሆኑ ነው።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ስብሰባችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከአዳራሹ ንግግር አንዱን ግማሽ ቀን ቀንሰን ከስድስት ኪሎ ተነስተን እንጦጦ ድረስ በእግር እንውጣ። መሐንዲሶቻችን ካቡን ይለኩ፤ የእርሻ ልጆች አፈሩንና ውሃውን ይዩ፤ የጤና ባለሙያዎቻችን ደክሞት የሚቀመጠውን ይርዱ፤ የቋንቋና የታሪክ ልጆች የአካባቢውን አዛውንት ይጠይቁና ይጻፉ። ያገኘነውን ፎቶግራፍና ማስታወሻ አሰባስበን ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት እንስጥ። ከዚያ እያንዳንዳችን በየትውልድ አገራችን አንድ አምባ ወይም አንድ ካብ መርጠን ይህንኑ ብንደግም፣ በሚቀጥለው የዓመት መጽሐፍ የሚታተም ነገር አናጣም።

የጉልበት ሕመም ያለባችሁ ከሽሮ ሜዳ መኪና ይዛችሁ መቀላቀል ትችላላችሁ፤ እኔም ምናልባት ከእናንተው ጋር ነኝ። ሌሎቻችሁ ውሃ፣ ኮፍያና የማይቆነጥጥ ጫማ አትርሱ።